ዋናው ገንዘብ ትርፍ አይባልም

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዓለም በየዓመቱ የሚሰማ አንድ ፉከራ አለ። «ይህን ያህል ተጫዋች ለኤንቢኤ አብቅቻለሁ» ይላል አሠልጣኙ። ጋዜጠኛው ተቀብሎ ያስተጋባል፤ ደጋፊው ያጨበጭባል፤ የ17 ዓመቱ ልጅና ቤተሰቡም ይህንኑ ሰምተው ፊርማቸውን ያኖራሉ። አሠልጣኝ ሰው አያበቃም የሚል ክርክር የለኝም። ያበቃውንና በቅቶ የመጣውን ሳይለይ በአንድ መዝገብ የሚደምረውን ሒሳብ ግን አልቀበልም።

የምሠራው ባንክ ቤት ነውና ነገሩን በማውቀው ልመስለው። አንድ ደንበኛ አንድ ሚሊዮን ብር አስቀምጦ በዓመቱ ያንኑ ከወለዱ ጋር ቢያወጣ፣ ባንኩ «ባለሚሊዮን አደረግሁት» ሊል ይችላልን? ባንኩ የጨመረለት ወለዱን ብቻ ነው። ዋናውን ደንበኛው ራሱ ይዞት መጣ።

ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮሌጅ ሳይረግጡ ነበር ኤንቢኤ የገቡት። ከ2006 ምርጫ ጀምሮ ግን አንድ አሜሪካዊ ወጣት 19 ዓመት ሳይሞላውና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ አንድ ዓመት ሳያልፈው እንዳይመረጥ ደንቡ ከለከለ። የትውልዱ ምርጥ ልጆች በዚህ ምክንያት የኮሌጅን ደጅ ማንኳኳት ጀመሩ። በር የከፈተ ዘበኛ ደግሞ እንግዳውን እኔ ወለድሁት አይልም።

የፉከራው ዋና ምስክር ከ2009 እስከ 2024 ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን ያሠለጠኑት ጆን ካሊፓሪ ናቸው። በ2010 አምስት ልጆቻቸው በአንደኛው ዙር ተመረጡ፤ ጆን ዎል ከሁሉ ቀዳሚ ሆነ። በ2012 አንቶኒ ዴቪስ፣ በ2015 ካርል አንቶኒ ታውንስ እንዲሁ አንደኛ ተባሉ። ቁጥሩ ያስደንቃል። ነገር ግን ዴቪስ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ኳስ የሚያንቀሳቅስ አጭር ተጫዋች ነበር፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ 20 ሴንቲሜትር ያህል ተመዘዘ፤ የአጭር ሰው ቅልጥፍናውንም ይዞ ረዘመ። ይህን ቁመት የትኛው የሥልጠና ዕቅድ አበቀለው? ታውንስ በኬንታኪ ቆይታው የሞከረው የሦስት ነጥብ ውርወራ ስምንት ብቻ ነበር፤ በ2022 ግን የኤንቢኤን የሦስት ነጥብ ውድድር አሸነፈ። አሠልጣኙ ከቅርጫቱ ሥር መጫወትን ሊያስተምሩት ፈልገው ነው የሚል አለ። ይሁን፤ ታዲያ ስሙን ያስጠራው ውርወራ ከየት መጣ?

ፍርድ እንዳላጓድል፣ በኬንታኪ እውነተኛ ወለድም ነበር። በ2015 ቡድኑ 38 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሸነፍ፣ በየሰፈሩ ንጉሥ የነበሩ ልጆች ደቂቃ ተካፍለው ለመከላከል መልፋትን ተምረዋል። ዴቪን ቡከር እንኳ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ ነበር የሚጫወተው። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ከእሱ ይልቅ ስማቸው የገነነ ጓደኞች መካከል ገብቶ፣ ወንበር ላይ ጀምሮ፣ ዓመቱ ሳያልቅ የቡድኑ ምሰሶ ሆነ። በ2018 በ11ኛነት ተመረጠ፤ በ2025 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋችም ሻምፒዮንም ሆነ። አሠልጣኙ ሊኩራሩ የሚገባቸው በዚህ ነበር።

ባንክ የተበላሸ ብድሩንም ይመዘግባል። በ2010 ሄይቲን ካደቀቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጣው ስካል ላቢሲየር በ2015 ኬንታኪ ሲገባ ከእኩዮቹ ቀዳሚ ከተባሉት አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት በጨዋታ በአማካይ 6.6 ነጥብ አስቆጥሮ በ28ኛነት ተመረጠ። ወርዶ ወጣ ማለት ነው። በፉከራው ዝርዝር ውስጥ ግን እሱም «በአንደኛው ዙር የተመረጠ» ተብሎ ከትርፍ ጋር ይደመራል። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ኪሳራው የልጁ፣ ቁጥሩ የአሠልጣኙ ይሆናል።

ማብቃት ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ዴቪድሰን የተባለውን ትንሽ ኮሌጅ ይመልከት። ስቴፈን ከሪን የአባቱ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ስኮላርሺፕ ነፍጎት ነበር። አሠልጣኝ ቦብ ማኪሎፕ ተቀበሉት፤ በሦስተኛው ዓመትም የጨዋታ መሪነቱን ሰጥተው ለሚጠብቀው ቦታ አዘጋጁት። በቪላኖቫ ጄይ ራይት ሚካል ብሪጅስን የመጀመሪያውን ዓመት አንድም ጨዋታ ሳያሰልፉ በልምምድ ገነቡት፤ በ2018 በ10ኛነት ተመረጠ። ስመ ጥር ምልምል የነበረው ጄለን ብራንሰን ደግሞ በዚያው ቤት ሦስት ዓመት ቆይቶ ሁለት ዋንጫ አነሣ። የተመረጠው በ33ኛነት ነው፤ በፉከራው ሚዛን ቀላል ነው። በ2022 ኒው ዮርክ ኒክስ ገብቶ ግን የቡድኑ መሪ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማብቃት ጊዜ ይፈልጋል። በውድድር ወራት ደንቡ ለልምምድና ለጨዋታ የሚፈቅደው በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ መግቢያ ሁሉም ያልቃል። ሥራው በድል የሚለካ አሠልጣኝም በዚህች አጭር ጊዜ ልጁ የሚያውቀውን ይጠቀምበታል እንጂ የማያውቀውን እስኪማር አይጠብቅም። ቅዳሜ ጨዋታ አለና!

«ልጁ ራሱ ለመሄድ ይቸኩላል፤ ቤተሰቡ ድኻ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ እውነት ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን ተጫዋቾች ከስማቸው ገቢ ማግኘት ጀምረዋል፤ ከሐምሌ 2025 አንሥቶም ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ተፈቅዷል። ለብዙዎች መቆየት እንደ ቀድሞው ረሀብ አይደለም። ችኮላው የማን እንደሆነ አሁን ይታያል።

ስለዚህ ልጃቸውን ለአሠልጣኝ የሚሰጡ ወላጆች «ስንት ሰው ለኤንቢኤ አበቃህ?» ብለው አይጠይቁ። «እንደ ልጄ በዝና የመጡት ሲወጡ ምን ጨምረው ወጡ? ያልተሳካላቸውስ ዛሬ የት ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሰምቶ ስም እየጠራ የሚመልስ አሠልጣኝ ካገኙ፣ ልጁን እዚያ ይተዉት።