ሳይቃጠል በቅጠል

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል የማያውቅ ተማሪ የለም። ከሕፃንነታችን ጀምረን ስለምንሰማው ግን ትርጉሙን ሳናስብ በአፋችን ብቻ እንደግመዋለን። እኔ ይህን ቃል በእውነት የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጢስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እሳት ሲነሣ እኔ በደባርቅ የምኖር የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከተራራው ወገን የሚነሣውን ጢስ እያየን ወደ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች በየደጁ ቆመው የሚጠያየቁት «ነፋሱ ዛሬ ወዴት ነው?» እያሉ ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት፥ «ልጄ፥ እሳት ነፋስ ካገኘ ፈረስም አይቀድመው» ብለውኝ ነበር። ጐልማሶች መጥረቢያና አካፋ ይዘው ወጡ። በማግሥቱ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ፥ ፊታቸው ጠቁሮ፥ ጫማቸውም ተለብልቦ ነበር። እሳቱን የመቱት በምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «በቅጠል» አሉኝ። እርጥብ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ነበልባሉን ሲደበድቡ ውለው አድረዋል። እንግዲህ ቅጠሉን የያዝነው ከተቃጠለ በኋላ ነበር ማለት ነው።

ያ እሳት ጠፋ ሲባል እንደገና እየተነሣ እስከ ሚያዝያ ወር ቆየ። በግጭ ሜዳና በአካባቢው ብዙ መቶ ሄክታር ጓሳና የአስታ ደን በላ። በመጨረሻም መንግሥታችን የውጭ አገር ርዳታ ለመጠየቅ ተገደደ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፥ ከኬንያም ውሃ የሚረጭ ሄሊኮፕተር መጡ። ለመጡልን ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጎረቤት ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ቤት ቆሞ እንደማይጠብቅ እናውቃለን።

እሳቱ ለምን እንዲህ አስቸገረ? ምክንያቱ ስውር አይደለም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ገደላማ አገር ስለ ሆነ መኪና አይገባበትም፤ ውሃም በእንስራ ተሸክሞ አይወጣም። እሳት ደግሞ ቁልቁል ከመውረድ ይልቅ ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ እያደረቀ ይሄዳልና። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው እሳት ነው። ላዩ ሲጠፋ ፍሙ በአስታው ሥርና በጓሳው ጕንጕን ውስጥ ተዳፍኖ ይቆያል፤ ሰው ደክሞት ሲመለስ ነፋስ ይገልጠዋል። ስለዚህ «ጠፍቷል» ብሎ ወደ ቤት መግባት ብቻውን አደጋ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ «የተቃጠለው ሣር አይደለምን? ክረምት ሲመጣ ይበቅላል» ይላሉ። ይህ አነጋገር በከፊል እውነት ነው። ጓሳም አስታም ከሥራቸው ያቆጠቍጣሉ። ነገር ግን ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም፤ ቍጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቈጠር ነው። ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በጓሳው ሥር የሚርመሰመሱትን አይጦች እየበላ ነው፤ ሣሩ ሲቃጠል ጓዳው ተቃጠለ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የሰው ነገር አለ። ያ ሣር የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ምንጮቻችን ይለቀዋል። ገላጣ የሆነ ተዳፋት ግን ዝናቡን ከነአፈሩ ወደ ተከዜ ይሰደዋል። ስለዚህ የተቃጠለው የዋልያ ቤት ብቻ ሳይሆን የገበሬውም የውሃ ጋን ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተከለለ፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፥ በብዙ ድካም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። እሳቱ የተነሣው ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ሃያ ዓመት የተደከመበትን ነገር አንድ የክብሪት እንጨት በሳምንት ሊያፈርሰው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ አሳቤ ልግባ። በእኔ አስተያየት የመጋቢት እሳት የሚጠፋው በመጋቢት አይደለም፤ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በአገራችን ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ያበቃል፤ የመስቀል አበባ ሲረግፍ ሣሩ ቢጫ ይሆናል፤ ኅዳር ሲገባ ገለባ ነው። ከዚያ በኋላ የንብ ቀፎ የሚያጨስ ሰው፥ ለግጦሽ አዲስ ሣር ይበቅልልኛል ብሎ የሚለኩስ እረኛ፥ ከሰል የሚያከስል፥ ወይም ሲጋራውን የሚጥል መንገደኛ ለጥፋት በቂ ነው። እንግዲህ መፀው የመከር ወራት ብቻ ሳይሆን የጥበቃም ወራት መሆን አለበት።

«ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጠባቂዎች አሉ» የሚል መልስ አይጠፋም። ጠባቂዎቹ ትጉሃን ናቸው፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ገደል በቍጥር ጥቂት ሰው አይጠብቀውም። የሚጠብቀው የእኔ ነው የሚል ሕዝብ ነው። ለዚህም ምሳሌ ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። አባ ቄራ በሚባል ሹም አማካይነት ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ሕዝቡ ለቤቱ ክዳንና ለከብቱ የሚሆነውን ሣር ያጭድ ነበር። ሰውየው የሣሩን ጥቅም ስለሚያገኝ ሣሩን አያቃጥልም ነበር፤ ሌላውም ሲያቃጥል አይቶ ዝም አይልም ነበር።

በስሜን ግን ነገሩ ከባድ ነው። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ሰዎች እሳቱ ከመነሣቱ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ይህ የተደረገው ሜዳው ከግጦሽና ከእርሻ እንዲያርፍ ነው፤ ምክንያቱንም አልነቅፍም። ነገር ግን ግጦሽ የቀረበት ሣር ይረዝማል፤ የረዘመ ሣር ሲደርቅ ለእሳት ማገዶ ይሆናል። ደግሞም ሸንተረሩን፥ የነፋሱን መንገድና የምንጩን ቦታ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነዚያ ሰዎች ናቸው። እሳት ሲነሣ አስቀድመን በጥርጣሬ ዓይን የምናያቸው ከሆነ ዕውቀታቸውንም ፍቅራቸውንም እናጣለን። ይልቅስ በየዓመቱ በመፀው ወራት ሣሩን በሥርዓት እንዲያጭዱ ቢፈቀድላቸው፥ እነርሱ ክዳንና ድርቆሽ ያገኛሉ፤ ሜዳውም ማገዶው ይቀንስለታል። የታጨደውም ቦታ ረጅም መስመር ሆኖ ከተያዘ እሳት በቀላሉ የማይሻገረው ድንበር ይሆናል።

እኛ የጎንደር ከተማ ልጆችም «ይህ የስሜን ጉዳይ ነው» ልንል አንችልም። በከተማችን ዙሪያ ያሉትን ኮረብቶች እንመልከት፤ የሞላባቸው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለበት ደርቆ ሲረግፍ እንደ ጋዝ ይነዳል፤ ከሥሩም የሰው ቤት አለ። በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ደኖች ብንመለከት፥ ብዙዎቹ በድንጋይ ካብ ታጥረው፥ በካህናቱና በምእመናኑ ዓይን ተጠብቀው ቆይተዋል። ዛፉን ያቈየው ካቡ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ቅዱስ ነው» የሚለው የሕዝቡ አሳብ ነው።

ስለዚህ ወላጆቼና መምህሮቼ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎችም፥ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ ኅዳር ሳይገባ በየቀበሌው በደቦ ወጥተን በቤትና በደን መካከል ያለውን ደረቅ ሣርና ቅጠል እናጽዳ። ሁለተኛ፥ ጢስ ያየ ሰው ለማን እንደሚናገርና ሕዝቡ በደወል ወይም በጥሩምባ እንዴት እንደሚጠራ አስቀድሞ ይወሰን፤ በጭንቅ ጊዜ ምክር አይያዝምና። ሦስተኛ፥ ትምህርት ቤታችን በዓመት አንድ ቀን እሳት መከላከልን ያለማምደን። ነበልባልን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን መምታትን፥ ነፋስን ከጀርባ ማድረግን፥ የተዳፈነውን ፍም ቈፍሮ ማጥፋትን ብንማር፥ ከብዙ ሰዓት ንግግር የበለጠ ይጠቅመናል።

እነዚያ ዓይናቸው ቀልቶ የተመለሱት ሰዎች ጀግኖች ናቸው፤ አመስግነናቸዋል። ነገር ግን ጀግና የማያስፈልግበት ዓመት ከጀግንነት ዓመት ይሻላል። ቅጠሉ አሁንም በእጃችን ነው፤ ሣሩም እየደረቀ ነው።