ንግሥት ጉንዳን፤ ለይቶ ማወቅና በሕግ መያዝ

ለመቂና ለአካባቢው ወጣቶች የቀረበ አስተያየት

ጉንዳንን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኑሮ ሥራውን መመልከት በውጭ አገር የብዙ ሰዎች መዝናኛ ሆኗል፡፡ ለጀማሪ የሚያስፈልገው ከወንድ ጋር የተገናኘች አንዲት ንግሥት ብቻ ስለሆነ፣ ንግሥቲቱ ራሷ የገበያ ዕቃ ለመሆን በቅታለች፡፡

ይህ ገበያ ከእኛ የራቀ አይደለም፡፡ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የእኛው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ በሚዘልቅበት በኬንያ፣ በናይቫሻ ከተማ፣ ሁለት የቤልጅግ ወጣቶች 5,000 ያህል ጉንዳኖች በጥጥ በተደፈኑ ትናንሽ ቱቦዎች አሽገው ተያዙ፡፡ አብዛኞቹ ንግሥቶች ነበሩ፡፡ ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 29 ቀን እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ አለዚያም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደባቸው፡፡ እንዲህ ያለ ገዢ ነገ መቂ ቢመጣ ወጣቶቻችን ምን ሊመልሱለት ይገባል? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚህ ጉዳይ ላይ ያለንን አስተያየት ለመግለጽ ነው፡፡

1. ንግሥትን ለይቶ ስለማወቅ

«እንደ አሸን ፈላ» እንደሚባለው፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ክንፋም ነፍሳት ከመሬት ይወጣሉ፡፡ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፡፡

ሀ/ ምስጥ ወይስ ጉንዳን፡- የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ርዝመት አላቸው፤ ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው፡፡ የጉንዳን የፊት ክንፎች ከኋለኞቹ ይረዝማሉ፤ ወገቡ ቀጭን ነው፤ አንቴናውም እንደ ክርን የታጠፈ ነው፡፡

ለ/ ወንድ ወይስ ንግሥት፡- ወንዱ ቀጠን ያለና ጭንቅላቱ ትንሽ ነው፤ ከበረራው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል፡፡ ንግሥቲቱ ከእርሱ ትገዝፋለች፤ ወደ መሬት ስትመለስም ክንፏን ትጥላለች፡፡

ሐ/ ሠራተኛ ወይስ ንግሥት፡- ትልቅ ጉንዳን ሁሉ ንግሥት አይደለም፡፡ እህል ለቃሚ የሚባሉት ጉንዳኖች ከሠራተኞቻቸው መካከል ጭንቅላታቸው እጅግ የገዘፈ ስላሉ ጀማሪን ያሳስታሉ፡፡ በመሆኑም መታየት ያለበት ጭንቅላቱ ሳይሆን ደረቱ ነው፡፡ የንግሥት ደረት የክንፍ ጡንቻ የሚይዝ ስለሆነ የወፈረና ጎበጥ ያለ ነው፤ ክንፏ ከወደቀ በኋላም ጠባሳው በግራና በቀኝ ይታያል፡፡

2. የአንዲት ንግሥት ዋጋ

ንብ አናቢዎቻችን አውራ የሌለው ቀፎ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፡፡ ንቦች ግን አውራቸው ብትሞት ከእጭ ሌላ ሊያወጡ ይችላሉ፡፡ ከጉንዳኖች መካከል ብዙዎቹ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ ንግሥቲቱ ከጠፋች ጎጆው ቀስ በቀስ ያልቃል፡፡ ንግሥቲቱ በበረራዋ ወቅት የተቀበለችውን የወንድ ዘር በሆዷ አኑራ ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል ትጥልበታለች፡፡ በአውሮፓ አንዲት የጥቁር ጉንዳን ንግሥት በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ እንደኖረች ተመዝግቧል፡፡ ስለዚህ አንዲት ንግሥት የሸጠ ሰው የሸጠው የብዙ ዓመት ጎጆ ነው፡፡

«ከበረራ ከሚመለሱት አብዛኞቹ የወፍና የእንሽላሊት ምግብ ሆነው የሚቀሩ ናቸውና ቢለቀሙ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ይኖራሉ፡፡ አብዛኞቹ መሞታቸው እውነት ነው፡፡ ነገር ግን ያረጀውን ጎጆ የሚተኩት ከሞት የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው፡፡ ለቃሚው ደግሞ የትኛዋ እንደምትተርፍ መርጦ አይተውም፤ በአንድ ቦታ በሺህ ሲለቀም የሚተርፍ ላይኖር ይችላል፡፡ እህል ለቃሚዎቹ አንዳንድ ጊዜ ዘራችንን ቢወስዱም የሣርና የአረም ፍሬ ይለቅማሉ፤ ጉድጓዳቸውም አየርና ውሃ ወደ አፈሩ ያስገባል፡፡

3. ሕጉ ምን ይላል?

በ1998 ዓ.ም. የወጣው ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 ማንም ሰው ከሚመለከተው ኢንስቲትዩት የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ የጄኔቲክ ሀብትን እንዳይሰበስብና ከአገር እንዳያወጣ ይከለክላል፡፡ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፡፡ አዋጁ የአካባቢው ማኅበረሰብ በልማድ የሚጠቀምበትንና እርስ በርሱ የሚለዋወጠውን አይነካም፤ ለውጭ ገዢ ንግሥት ለቅሞ መሸጥ ግን ከዚህ ልማድ ውጭ ነው፡፡

ይህን ጥበቃ እንደ ትርፍ ነገር የሚያይ ቢኖር የጤፍን ጉዳይ ያስታውስ፡፡ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያስመዘገበው የፈጠራ መብት በዚያው አገር ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው፡፡ የወጣን ሀብት ማስመለስ ከመጠበቅ እጅግ ይከብዳል፡፡

ከውጭ ማስገባትም እንዲሁ አደገኛ ነው፡፡ በኬንያ ላይኪፒያ ከውጭ የገባ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ጉንዳን፣ ግራሮችን ከዝሆን ይጠብቁ የነበሩትን አገር በቀል ጉንዳኖች አጥፍቷል፡፡ ዝሆኖች ዛፎቹን ሰባበሩ፤ መሸሸጊያ ያጡት አንበሶችም የሜዳ አህያ ማደን ስለከበዳቸው ወደ ጎሽ አደን እንደዞሩ በ2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አሳይቷል፡፡ በአሜሪካም ሕያው ጉንዳንን ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ለማዘዋወር የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል፡፡

4. ለጀማሪዎች የምንመክረው

ሀ/ ንግሥት ልሽጥልህ የሚል ሰው ቢመጣ ጉንዳኗ ከየት እንደተያዘች፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠ፣ ዓይነቷን ማን እንደለየ ይጠየቅ፡፡ ወረቀት ካላሳየ አይገዛ፡፡

ለ/ ንግሥት ልቀሙልኝ የሚል ገዢ ቢመጣ ገንዘቡን ከመቀበል በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር፡፡ በኬንያው ጉዳይ ከተቀጡት መካከል የውጭ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የአገሩ ተወላጅም ነበረበት፡፡

ሐ/ በትምህርት ቤት ለመማሪያ አንዲት ንግሥት ለመያዝ የሚፈልጉ መምህራን አስቀድመው በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይጠይቁ፡፡ ከተፈቀደ ከግማሽ ያነሰ ውሃ በጥጥ የታገደበት ቱቦ ይበቃል፡፡ ቱቦው በጨለማ ይቀመጥ፤ በየቀኑ አይነካካ፡፡ የእህል ለቃሚዋ ንግሥት የመጀመሪያ ልጆቿን በሰውነቷ ካከማቸችው ታሳድጋለችና ሠራተኞች እስኪወጡ ምግብ አትሻም፤ ከዚያ በኋላ የሣር ፍሬ ይሰጣቸው፡፡

ጎጆውን በማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ለመመልከት ግን ፈቃድም ገንዘብም አያሻም፡፡ ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ መደብ አጠገብ ያለውን የጉንዳን መንገድ ተከትሎ ምን እንደሚሸከም የሚመዘግብ ተማሪ ብዙ ይማራል፡፡ ወጣቶቻችን በዚህ እንዲጀምሩ፣ ንግድ ቢታሰብም ጥቅሙ ለአካባቢው ሕዝብ እንዲደርስ በፈቃድና በውል ብቻ እንዲሆን አጥብቀን እናሳስባለን፡፡