በሰው ግድግዳ ላይ ስንጽፍ

ባለፈው መንፈቅ ዓመት አንድ እጩ መምህር በቤተ ሙከራ ውስጥ ውኃ እያፈላ የሙቀት መጠን ሲለካ ቆየና ቴርሞሜትሩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ ይኼ ዕቃ ተበላሽቷል መሰለኝ። ውኃው እየተንተከተከ 92 ላይ ቆሞ ቀረ» አለኝ። ዕቃው መበላሸቱን በምን እንዳወቀ ብጠይቀው ስልኩን አወጣና ከኢንተርኔት ያገኘውን የ7ኛ ክፍል የሳይንስ ማስታወሻ አሳየኝ። «ውኃ በየትኛውም ሥፍራ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ይላል። ከላይ የጸሐፊው ስም አለ። ስሙ የእኔ ነው።

እንደሚታወቀው 100 ዲግሪ የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ሲለካ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ሥፍራ ውኃ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ጥዶ የጠበቀ ሰው ነገሩን በሆዱ ያውቀዋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ደኅና ነበር፤ ብልሽቱ የማስታወሻው ነው። ልጁ ግን የተጻፈውን አምኖ በእጁ የያዘውን መሣሪያ ተጠራጠረ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ታዲያ ለምን አታርመውም? ትሉኝ ይሆናል። አልቻልኩማ! ያንን ብሎግ (አንዳንዶች ጦማር ይሉታል) የከፈትኩት ገና አንደኛ ደረጃ ሳስተምር፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የነፃ አገልግሎት ላይ ነው። ለመክፈቻ የሰጠሁት የስልክ ቁጥር ሲም ካርዱ ከጠፋ ቆየ፤ ቁጥሩም ዛሬ የሌላ ሰው ነው። የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ። ልግባ ስል «ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» ይለኛል። ኮዱ ለማን እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው! ለድርጅቱ ደጋግሜ ጻፍኩ፤ የሚመልስልኝ ግን ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ድርጅቱን አልጠራውም። ውሉን ሳላነብ «እስማማለሁ» ያልኩት እኔ ነኝና። ማስታወሻው ግን እስከ ዛሬ በስሜ እያሳሳተ ይገኛል።

ይህን ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ። ዘንድሮ ተመራቂ የሆኑ ብዙ እጩ መምህራን «የራሴን ድረ ገጽ መክፈት እፈልጋለሁ፤ የትኛው ነፃ አገልግሎት ይሻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሐሳቡ በጣም የሚደገፍ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ የማስተማሪያ ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ጥያቄው ወዲያው ወደ መልክ ይሄዳል። የትኛው ያምራል? የትኛው ፎቶ ያንሸራትታል? በበኩሌ ቤት የሚከራይ ሰው ከቀለሙ በፊት የውሉን ነገር ቢጠይቅ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ባለቤቱ ቤቱን ቢፈልገው ዕቃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

ባለቤቱ ቤቱን የሚፈልግበት ቀን ደግሞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ጂኦሲቲስ ተራው ሰው በነፃ የራሱን ገጽ እንዲሠራ በር የከፈተ ነበር። በ1999 ያሁ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ገዛው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2009፣ ዘጋው። ሰዎች ለዓመታት የደከሙበት ገጽ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከፊሉ የተረፈው እንደ ኢንተርኔት አርካይቭ ያሉ ድርጅቶችና በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ስለገለበጡት ነው። ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ደግሞ የዊኪስፔስስ ነገር ነው። በ2005 ተጀምሮ በብዙ አገር መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ማስታወሻ የሚያዘጋጁበት ቤት ሆኖ ነበር። በ2018 ተዘጋ። እርግጥ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ግን ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው ኢሜይሉን ለሚከፍት ሰው ነው። ገጠር ተመድቦ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ የሚወጣ መምህር ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ለአብዛኞቻችሁ የምመክረው ብሎገርን ነው። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ስል «ኧረ እሱማ የድሮ ነው!» ብለው ይስቃሉ። አዎ የድሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2003 ጉግል ገዛው። መልኩም እንደ አዲሶቹ አይደለም። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ካልፈለገ በቀር ማስታወቂያ አይለጥፍበትም። ጽሑፉን በሙሉ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ ሲያስፈልግም ወደ ዎርድፕሬስ ማዛወር ይቻላል። ፎቶዎቹ ግን ከጽሑፉ ፋይል ጋር አብረው ስለማይመጡ ለብቻ መቀመጥ አለባቸው፤ ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተቸገረ በኋላ ነው። ሌላው ቁም ነገር የአድራሻው ጉዳይ ነው። አንድ ቀን አቅም አግኝታችሁ የራሳችሁን የአድራሻ ስም ብትገዙ ብሎገር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበለዋል። የራስ አድራሻ ማለት ቤት ብትቀይሩም የማይቀየር የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደማለት ነው። እርግጥ በዓመት ከ10 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለእኛ ዋናው ራስ ምታት ገንዘቡ ሳይሆን መክፈያው ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ግዙ አልልም፤ በሩ ክፍት ይሁን ነው የምለው።

ዎርድፕሬስን በተመለከተ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። አንደኛው በ2003 የወጣውና ማንም በነፃ ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚተክለው ፕሮግራም ነው። ይህ በእውነት ነፃ ነው፤ ሰርቨሩ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ሌላው በ2005 የተጀመረው ዎርድፕሬስ ዶት ኮም የሚባለው አገልግሎት ነው። የዚህ ነፃ ክፍል ሲጽፉበት ደስ ይላል፤ ዕቃ ይዞ መውጣትም ይፈቅዳል። ነገር ግን ገጻችሁ ላይ ማስታወቂያ ያስገባል። ማስታወቂያውን እናንተ አትመርጡትም፤ ገቢውም የእናንተ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ የክፍልፋይ መልመጃ ሊሠራ ገብቶ ከመልመጃው በላይ ምን እንደተለጠፈ አስቡት። አዋቂ ለሚያነበው ጽሑፍ ግድ የለም እል ይሆናል፤ ለክፍል ሥራ ግን አልስማማም።

ዊክስ ያምራል። አልክድም። ሳጥን እየጎተቱ ማስቀመጥ ነው፤ ምንም ዕውቀት አይጠይቅም። ሆኖም በነፃው ላይ የድርጅቱ ማስታወቂያ ከአናቱ አይወርድም። ከሁሉም የሚብሰው ግን የተሠራውን ገጽ እንዳለ አውጥቶ ሌላ ቦታ መትከል አለመቻሉ ነው። መውጣት ያማረው ሰው እየገለበጠ እንደገና ይጻፍ! እኔ በበኩሌ ለሠርግ ጥሪ ወይም ለአንድ ወር ዝግጅት እጠቀምበት እንደሆነ እንጂ የዓመታት ሥራ አላስቀምጥበትም። ከኮምፒውተር ክፍል የማትወጡ ጥቂቶች ደግሞ ጊትሀብ ፔጅስን ሞክሩ። ማስታወቂያ የለም፣ ገጹ ቀላል ነው፣ ፋይሉም ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ነው፤ ግን መማር ይጠይቃል።

መጽሔት መሰል ተከታታይ ጽሑፍ የማይጽፍ፣ የዓመት ዕቅዱንና የመልመጃ ወረቀቶቹን ብቻ አንድ ቦታ መደርደር የሚሻ መምህር ጉግል ሳይትስ ይበቃዋል። ማስታወቂያ የለውም፤ በግማሽ ቀን ይለመዳል። ለብሎግ ግን አልተሠራም።

አሁን የማውቀው ክርክር ይመጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሻይ ሰዓት «አንተ ደግሞ! ልጁ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ቻናል ከፍቶ መልቀቅ ነው እንጂ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» ብሎኛል። ግማሹ እውነት ነው። ቴሌግራም ዳታ አይበላም፣ ሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ ፋይል ይልካል። እኔም ቻናል አለኝ። ይሁን እንጂ በመስከረም የተለቀቀ ማስታወሻ በጥር ወር ከ300 መልእክት ሥር ተቀብሮ ይገኛል። አንዲት እጩ መምህርት በአንድ ቻናል ውስጥ አንዲት የሰዋስው ማስታወሻ ፍለጋ ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ስታንሸራትት አይቻታለሁ፤ በመጨረሻ ጓደኛዋ ደብተሯን አዋሰቻት። ደግሞም በአንድ በር ብቻ መመካት ምን እንደሚያመጣ አይተናል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው ነበር። ቪፒኤን የሚያውቀው ገባ፤ የማያውቀው ቀረ። በእኔ አስተያየት ጽሑፉ በብሎጉ ላይ ይቀመጥ፣ ቴሌግራሙ ደግሞ «እዚህ ተቀምጧል» ብሎ ይጥራ። ደወሉም ክፍሉም ያስፈልጋሉ።

ስለ ፊደላችን ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ በስልክ የምንጽፈው ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ የትኛውም አገልግሎት ይቀበለዋል። ችግሩ ከመዝገብ ቤት የምታገኟቸው አሮጌ የማስተማሪያ ጽሑፎች ናቸው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ገጽ ኮፒ ተደርጎ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ይሆናል፤ ወይ መለወጫ መፈለግ ወይ እንደገና መተየብ ነው። ሌላም አለ። በአማርኛ ርዕስ ስትሰጡ ብሎገር ፊደሉን በአድራሻው ውስጥ ስለማያስገባው ጽሑፎቻችሁ ሁሉ «ብሎግ ፖስት» የሚል አንድ ዓይነት አድራሻና ቁጥር ይይዛሉ። ዎርድፕሬስ ደግሞ ፊደሉን ይቀበልና አድራሻው ሲገለበጥ የፐርሰንት ምልክት የሞላበት ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። መፍትሔው ከማተም በፊት አድራሻውን በላቲን ፊደል አጠር አድርጎ በእጅ መጻፍ ነው። ከታተመ በኋላ መለወጥ የቀድሞውን አድራሻ ሊያበላሸው ይችላል።

የዳታውንም ነገር አትርሱ። 4 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶ ሳይቀነስ ከተጫነ ለ50 ተማሪ 200 ሜጋባይት ነው፤ የሚከፍለውም ወላጅ ነው። በጽሑፍ የሚገለጸውን በጽሑፍ ግለጹ። የተማሪን ፎቶና ውጤት መለጠፍማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ይህ ባይነገራችሁም የምታውቁት ይመስለኛል።

የትኛውንም ብትመርጡ የእኔ ዓይነት ውርደት እንዳይደርስባችሁ አካውንቱን ስትከፍቱ ከስልክ ቁጥር ሌላ ሁለተኛ ኢሜይል አስመዝግቡ፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹንም በወረቀት ጽፋችሁ ከዲፕሎማችሁ ጋር አስቀምጡ። ሲም ካርድ ስትቀይሩ ቁጥሩን አካውንቱ ላይ በዚያው ቀን ቀይሩ። ጉግል ደግሞ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል ደንግጓል። ሩቅ ወረዳ የምትመደቡ ሁሉ ከተማ በወጣችሁ ቁጥር አንዴ ግቡ። በየመንፈቁም የጽሑፉን ቅጂ አውርዱ፤ አንዱን በፍላሽ፣ ሌላውን ጓደኛ ዘንድ።

እኔ ማስታወሻዬን አርሜ በአዲስ ብሎግ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ የከፍታና የመፍያ ነጥብ ሠንጠረዥም ጨምሬበታለሁ። ሠንጠረዡን የሠራው ያ ቴርሞሜትሩን የጠረጠረው ልጅ ነው። አድራሻው ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በእጅ ተጽፏል። አሮጌውን ማስታወሻ ተማሪ እጅ ላይ ያየ ሰው አዲሱን ይስጥልኝ። የሳይንስ ክፍል መምህራን፣ ሠንጠረዡ ላይ ስሕተት ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ አሁን ማረም እችላለሁ።