የቸርኬው ዝገት ይለቃል፤ የሳንባው ጠባሳ ግን አይለቅም!

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። የማወራው ስለ መኪና ቸርኬ ነው። አትሳቁ፣ ጉዳዩ የሳንባ ነው።

የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ደርሶ የሚመለስ ሞተርም ሆነ ቡና የጫነ አይሱዙ በጭቃ ተለውሶ ነው የሚገባው። ካፋ ዝናቡ ብዙ ነው፣ ብረት ቶሎ ይዝጋል። አዲስ ቸርኬ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ግቢ ውስጥ አስቀምጦ፣ በኮምፕረሰር አሸዋ እየረጩ ዝገቱን ማራገፍ፣ ከዚያ ቀለም መንፋት ጥሩ መላ ይመስላል። ማደሱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ብልህነት ነው። የእኔ ጠብ ከአሸዋው ጋር ነው።

ለምን? አሸዋ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። በግፊት ተረጭቶ ብረት ሲመታ ይደቅቃል። በዓይን የምናየው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አደገኛው የማይታየው ነው፦ ከፀጉር ውፍረት ከአስር እጥፍ በላይ የሚያንሰው ብናኝ እስከ ሳንባ መጨረሻ ይወርድና ጠባሳ ይፈጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ አቧራው በጣም ሲበዛ ግን ከ5 ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ አንዳንዴም በወራት ይመጣል። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ሲሊካ የሳንባ ካንሰርም ያመጣል።

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እንግሊዝ በአሸዋ መርጨትን የሚከለክል ደንብ ያወጣችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ቱርክ ደግሞ ጂንስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል አሸዋ ሲረጩ የነበሩ ወጣቶች በሲሊኮሲስ ካለቁባት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ከለከለች። የሞቱት ለሱሪ ፋሽን ነው። እኛ ደግሞ ለቸርኬ?

«ዶክተር፣ እኔ ሻሽ አስሬ ነው የምሰራው» የሚል አለ። ሻሽም ሆነ የኮቪድ ጊዜው ማስክ ይህን ብናኝ አያቆምም። «ማታ ወተት እጠጣለሁ» የሚልም አለ። ወንድሜ፣ ወተት የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባን አያጥብም። ወተቱን ለጤናህ ጠጣ፣ ለአቧራ ግን መድኃኒት አይደለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቲቢ ነው። ሲሊካ የገባበት ሳንባ በቲቢ በቀላሉ ይጠቃል። ሳሉ፣ የትንፋሽ ማጠሩ፣ መክሳቱ፣ ራጁም ሳይቀር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባትጠየቁም ስራችሁን በዝርዝር ተናገሩ። እኛ ሐኪሞችም መጠየቅ አለብን። ካርድ ላይ «ስራ፦ የግል» ተብሎ የተጻፈው ምንም አይነግረንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. ደረቅ አሸዋ መርጨት ይቅር። ቸርኬውን በውሃ እያረጠባችሁ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሰራል። ስትፈትጉም ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን-95 ማስክ አድርጉ።

2. አሮጌ ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ልጆችን አርቁ፣ ፍርፋሪውን በደረቁ አትጥረጉ፣ ልብሳችሁን ቀይራችሁ ቤት ግቡ።

3. ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም አስም ያመጣል። እሱን ለባለሙያ ተዉት። ሌላውንም ቢሆን ቤት ውስጥ አትንፉ። በአኳራጅ እጅ አትታጠቡ፤ ቡና ከሚፈላበት ከሰልም አርቁት።

4. ስራው ብዙ ከሆነ፣ በተዘጋ ማሽን፣ ሲሊካ በሌለው መርጫ ወደሚሰራ ቦታ ውሰዱት።

የመጨረሻው መልእክቴ ለጋራዥ ባለቤቶችና ለባለመኪኖች ነው። «ራስህን ጠብቅ» ብቻ ማለት አይበቃም። የቀን ሰራተኛው ማስክ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ መግዛት ያለበት አሰሪው ነው። እናንተም ስታሰሩ «በምንድን ነው የምታጸዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጅ ሲሰራ ትንሽ ከተወደደ ክፈሉ። ያ ልጅ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፣ ሳንባው ሌላ አርባ፣ ሃምሳ ዓመት ሊያገለግለው ይገባል።

ለጎሚስታና ለጋራዥ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ጤናችሁ ይብዛ!