ምዕራፉ ሲዘጋ ቀኑ ይነገረን

የቤተሰብ ድራማ ምዕራፉን በተኩስ ወይም በመኪና አደጋ አንጠልጥሎ ሲዘጋ ከተመልካቹ ጋር ቀጠሮ ያዘ ማለት ነው። ቀጠሮ ደግሞ ቀን ይቆረጥለታል። ብዙዎቹ የእኛ ድራማዎች ግን «ምዕራፍ ሁለት በቅርቡ» ብለው ይጠፋሉ። ይህ ልክ አይደለም እላለሁ።

የማስተምረው ድሬዳዋ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ነው። የተከራየሁበት ግቢ ዲሽ ስላለው የመዝጊያው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው። አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለሆነ ማስተርጎሙ የእኔና የተማሪዎቼ ሥራ ነው። ተማሪዎቼ ከእኔ ይፈጥናሉ፤ ተዋናዩ ሳይጨርስ እነሱ ጨርሰውታል።

ባለፈው በተመለከትነው መዝጊያ አባትየው ለዓመታት የደበቀውን ለልጆቹ ሊናገር ሲል ጥይት ተተኮሰ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ የተዋንያን ስም መውረድ ጀመረ። አከራዬ የሆጃ ስኒያቸውን እንደያዙ ዞር ብለው «በርሲሳ (መምህር)፣ ማን ተመታ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት መጥተው «ዛሬ አለ?» አሉ። በወሩም ጠየቁ። አሁን መጠየቅ ትተዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው መተዋቸው ነው።

ማንጠልጠሉን አልጠላም። «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ የቤተሰብ ድራማ መጋቢት 12 ቀን 1972 ዓ.ም. ጄ.አር. የተባለው የነዳጅ ከበርቴ ሲተኮስበት አሳይቶ ምዕራፉን ዘጋ። በመካከሉ የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ መጥቶ ነገሩን አጓተተው፤ ቢሆንም ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ተኳሿ ታወቀች። ያን ምሽት ከ80 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ነበር። ስምንት ወር የጠበቀ ሰው መልሱን አገኘ።

የእኛም ሰው መጠበቅ ያውቅበታል። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ድራማ የተጫወተው አስናቀ ስንቱን ቤት ሲያነጋግር እንደነበረ የማያስታውስ የለም። አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ የጻፉት «እረኛዬ» ደግሞ በየምዕራፉ እያረፈ፣ እየተመለሰ ታሪኩን ቋጭቷል። ድርብወርቅ ሰይፉ በድራማው የተጫወተቻትን እምዋን የዚህ አካባቢ እናቶች እንደ ጎረቤታቸው ነው የሚያነሷት፤ ታሪኩ የመሬት ነው፣ የመሬትን ነገር ደግሞ ለገበሬ ቤት ማን ያስተረጉማል? እዚያ ላይ እኔም ተማሪዎቼም ሥራ ፈተን ነበር።

ሥራው የሚቆመው በስፖንሰር ገንዘብ መሆኑ ይገባኛል፤ ስፖንሰር ሲሸሽ ካሜራው ይቆማል። ታዲያ የቀጣዩ ምዕራፍ ገንዘብ እጅ ሳይገባ ጥይት መተኮስ ለምን ያስፈልጋል? አባትየው ይናገር፣ ልጆቹም ይስሙ። እውነቱን ለመናገር ከተኩሱ ይልቅ የልጆቹን ፊት ባየን ይሻለን ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነጋግረን እሱ ነበር።

ስለዚህ ደራሲዎችና አዘጋጆች፦ ለቀጣዩ ምዕራፍ ካልተዘጋጃችሁ ታሪኩን ቋጩት። ከተዘጋጃችሁ ደግሞ የተዋንያኑ ስም ከመውረዱ በፊት የምትመለሱበትን ወርና ዓመት ስክሪኑ ላይ ጻፉልን። የመዝጊያውንም ክፍል በማግስቱ ቀን ላይ ድገሙት፤ እዚህ ማታ ማታ መብራት ይጠፋል።