ለኮሶዬ ክረምት የሚሆን ብስክሌት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በክረምት የሄደ ሰው ኮሶዬ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ጎንደር ላይ ፀሐይ ነበር። ዳገቱን ወጥታችሁ ከገደሉ አፋፍ ስትደርሱ ጉሙ ከታች ተነሥቶ አስፋልቱን ይውጠዋል፤ ከዚያ ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ። ታናሽ እህቴ ከኮሶዬ አምባ ጊዮርጊስ ወደ ሥራ የምትመላለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ እስካሁን ሚኒባስ እየጠበቀች። ዘንድሮ እቁብ ሲደርሳት "ብስክሌት ልገዛ ነው፣ ያውም ኮርሳ" ብላ ደወለችልኝ። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ እናቴ ደወለች፦ "አንቺ ታላቋ ነሽ፤ ከልክያት።"

አልከለከልኳትም። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆማ ስትበሰብስ የምታጠፋውን ጊዜ አውቀዋለሁ። የእናቴ ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄው "ይገዛ ወይስ አይገዛ" ከመሆን ወጥቶ "የትኛው ይገዛ" ሆነ።

ኮርሳ የምንለው መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመውን ነው፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የጋለቡትን ዓይነት። ብዙ ሰው ለውድድር ብቻ ይመስለዋል። ኮሶዬ ላይ ግን መሪው ይጠቅማል። ከገደሉ የሚነሣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ዝቅ ብላችሁ ትይዙታላችሁ፤ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ እጃችሁን ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች እያፈራረቃችሁ ታሳርፋላችሁ። ችግሩ ያለው ከመሪው በታች ነው።

በመጀመሪያ ፍሬን። በሁለተኛ እጅ የሚሸጡት አሮጌ ኮርሳዎች አብዛኞቹ ቸርኬውን ግራና ቀኝ በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን አላቸው። በበጋ ጥሩ ነው። ቸርኬው ሲረጥብ ግን ላስቲኩ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ውሃውን መጥረግ አለበት፤ እስኪጠርግ ድረስ ብስክሌቱ መንገዱን ይቀጥላል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ይህ ብዙም አያስጨንቅ ይሆናል። ቁልቁል እየወረዳችሁ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች መንገዱን ሲያቋርጡ ግን ያቺ ቅጽበት ረጅም ናት። በዚያ ላይ ጭቃና አሸዋ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ስለዚህ ዲስክ ፍሬን ይሁን። የሚይዘው በጎማው መሀል ያለችውን ቀጭን የብረት ሳህን ነው፤ ከመሬት ራቅ ስለምትል ጭቃው ቶሎ አያገኛትም፣ ቸርኬው ትንሽ ቢጣመም እንኳ ፍሬኑ ሥራውን ይሠራል። በዘይት ግፊት የሚሠራና በሽቦ የሚሳብ አለ። የዘይቱ ለጣት ይቀላል፤ አየር ከገባበት ግን የራሱን ዘይትና የራሱን መሣሪያ ይፈልጋል። ሽቦ የትም ያለ ብስክሌት ጠጋኝ ይቀይረዋል። ለገጠር መንገድ እኔ ሽቦውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ጎማ። የድሮ የእሽቅድምድም ጎማ ስፋቱ 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለረጠበ አስፋልትና ለዳር ጠጠር ከ32 እስከ 38 የተሻለ ነው። ሰፊ ጎማ ነፋሱ ትንሽ ቀነስ ተደርጎ ስለሚነዳ መሬቱን ይጨብጣል። ሻጩ "ሰፊም ይገባል" ቢላችሁ በቃሉ ብቻ አትመኑ። በጎማውና በሹካው መካከል ጣታችሁን አስገቡ፤ ጣት ካልገባ ፓራፋንጎም አይገባም።

ፓራፋንጎ! ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ፎቶ ላይ የማያምር ዕቃ እንዴት ከማስታወቂያ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ የፓራፋንጎም ዕጣ ይኸው ነው። ያለ እሱ ግን የኋላው ጎማ ጀርባችሁን፣ የፊተኛው እግራችሁንና ሰንሰለቱን ቀኑን ሙሉ በጭቃ ውሃ ያጥባል። ቢሮ ገብቶ ደንበኛ ፊት የሚቆም ሰው ይህን ሊንቀው አይችልም። ስትገዙ በሹካውና በኋላው ብረት ላይ የብሎን ቀዳዳ መኖሩን እዩ፤ ያው ቀዳዳ የዕቃ መጫኛም ይታሰርበታል።

ማርሹን ቁጠሩ። ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁም 34 ከሆነ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል፤ ዳገት በዚህ ይወጣል። ከፊት 39 ከኋላ 23 ያለው የድሮ ኮርሳ ለተወዳዳሪ እግር የተሠራ ነው። አካሉ ብረት ቢሆን ክብደት ይጨምራል፣ ቢሰበር ግን ይበየዳል። ቁመቱን ቆማችሁበት ሞክሩት።

እህቴ መጨረሻ ላይ ሁለት አገኘች። አንደኛው ቀይ፣ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ። ሌላኛው ግራጫ፣ ከበድ ያለ፣ ዲስክ ፍሬንና ሰፊ ጎማ ያለው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። (ቁጥሩን አልጽፍም፤ መጽሔቱ እስኪታተም ይቀየራል።) ልቧ ቀዩ ላይ ነበር። "ሐምሌ ላይ የትኛው ላይ ሆነሽ ትታይሻለሽ?" አልኳት። ግራጫውን ወሰደች፤ ልዩነቱን እኔና እናቴ ተካፈልነው።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ ነው። ማታ ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ የማሽን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የኋላ ቀይ መብራት በቀንም ይብራ፣ የዝናብ ልብሱም ደማቅ ቢጫ ይሁን። ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ከደበቀው ግን መብራትም ቀለምም አይበቃም፤ ወርዳችሁ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኑ። ረዳቱ የጭነት ሒሳብ መጠየቁ አይቀርም፤ ሳይጭን በፊት ተስማሙ።