ስኳርን በዘር ለሚያላክኩ

«ስኳር በዘር ከመጣ መጠንቀቅ ከንቱ ድካም ነው» የሚለውን ባለፈው እትም የወጣ ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘው ሮጠዋል። ዘር ድርሻ እንዳለው ማንም አልካደም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 በተባለው ዘረመል ላይ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን የሚያዳክም ልዩነት አገኙ። ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሰው ለዓይነት 2 ስኳር ያለው ስጋት ካልወረሰው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከጉልበተኞቹ አንዱ እንግዲህ ይኸው ነው! ከተለዩት ከ600 በላይ የዘረመል ቦታዎች አብዛኞቹ ለየብቻ የሚጨምሩት ስጋት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጸሐፊው የዘለሉት ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ያንኑ ክፉ ልዩነት ከሁለት ወገን የወረሱት ተለይተው ሲታዩ እነሱም ተጠቅመዋል።

ቤተ እስራኤላውያንስ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር፤ ዓመታት ሳይርቁ ብዙዎችን ያዘ። አውሮፕላን ላይ ዘር አይለወጥም፤ የተለወጠው ማዕዱና የእግር ጉዞው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እናትዎ ወይም አባትዎ ስኳር ካለባቸው ያንን ጽሑፍ ይተዉትና ጤና ጣቢያ ሄደው በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ይለኩ።